የአይሮፕላን ጣቢያ እልፍኝና የቤተ ሰብ ወግ

መንገደኛ ከቤቱ ወጥቶ ካሰበበት እስኪደርስ ድረስ ያለው ጊዜ ሁሉ መንገድ ይባላል፤ ዳሩ ግን ከመንገዱ ክፍል ሁሉ ሰው ሳይዘጋጅበት የሚገባበት የመጠበቂያው ሰዓት ነው። ለመሔጃው ስንቅ ይሰነቃል፤ ለመድረሻው ስጦታ ይታሰራል፤ ለመጠበቂያው ግን አስቀድሞ የሚያስብለት ሰው ጥቂት ነው። በቀድሞ ዘመን በበቅሎ የሚሔድ ሰው የሚሰፍርበትን ሜዳ፥ ውሃ የሚቀዳበትን ምንጭ፥ የሚያድርበትን ቤት ሳይጠይቅ አይነሣም ነበር። በአይሮፕላን የሚሔደው የዛሬ መንገደኛ ግን የሚነሣበትን ሰዓት ብቻ ጠይቆ ይወጣል፤ ከመነሣቱ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት፥ በሌላ አገር ወርዶ አይሮፕላን የሚለውጥ ሲሆን ደግሞ አምስትና ስድስት ሰዓት በጣቢያ ውስጥ መቀመጡን የሚያስታውሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

በታላላቆቹ የአይሮፕላን ጣቢያዎች ለዚህ መጠበቂያ የሚሆን ሁለት ዓይነት ሥፍራ አለ። አንደኛው ለሁሉ የተከፈተው ሰፊ አዳራሽ ነው፤ ሁለተኛው በእንግሊዝኛ ስሙ ላውንጅ የሚባለው ክፍል ነው። እኛ ይህን ክፍል በአገራችን ቃል እልፍኝ ብንለው የሚስማማው ይመስለናል። በቀድሞው የታላላቅ ሰዎች ግቢ አዳራሹ ግብር የሚበላበት፥ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ነበር፤ እልፍኙ ግን ጌታው የሚያርፍበትና የተመረጠ ሰው ብቻ የሚገባበት ክፍል ነበር፤ በደጁም የሚገባውንና የማይገባውን የሚለይ እልፍኝ አስከልካይ ይቆም ነበር። ዛሬም በላውንጁ ደጅ ከጠረጴዛ ኋላ ሆና የመንገደኛውን ወረቀት በመሣሪያ የምታነበው ሠራተኛ የዚያው ሥራ ወራሽ ናት። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የቀድሞው እልፍኝ አስከልካይ ሰውን በፊቱ ያውቅ ነበር፤ የዛሬይቱ ግን የምታውቀው ካርዱንና ትኬቱን ነው። ስለዚህም በዚህ ደጅ ላይ ማዕርግ መናገርም ሆነ መለማመጥ አይረዳም።

ይህ ልማድ የተጀመረው በአሜሪካ አገር ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ የተባለው ኩባንያ አይሮፕላኖቹን በጦር መርከቦች መሪ ስም ይጠራቸው ስለ ነበረ፥ እ.ኤ.አ. በ1939 በኒው ዮርክ ከተማ በላጋርዲያ ጣቢያ ለክብር እንግዶቹ የከፈተውን ክፍል አድሚራልስ ክለብ ብሎ ሰየመው፤ ይኸውም የባሕር ኃይል አዛዦች ማኅበር እንደ ማለት ነው። በመጀመሪያ ወደዚያ ክፍል የሚገባው ኩባንያው መርጦ የጠራው ሰው ብቻ ነበር፤ በኋላ ግን የአባልነት ገንዘብ ለሚከፍል ሁሉ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1992 ደግሞ ፕራዮሪቲ ፓስ የሚባለው ካርድ ተቋቋመና፥ መንገደኛ በየትኛውም አየር መንገድ ቢሔድ በልዩ ልዩ አገር ወዳሉት እልፍኞች በአንድ ካርድ እንዲገባ መንገድ ከፈተ። እንግዲህ እልፍኙ በመወደድ ከሚገቡበት ቤት ወደሚገዙት ነገር እንደ ተለወጠ ከዚህ ይታያል።

በአገራችንም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አይሮፕላኑም ሲ-47 የሚባለው፥ ለጦር ሠራዊት ሰውና ዕቃ ማጓጓዣ የተሠራው ዓይነት ነበር። በዚያ ዘመን የሚነሡት ከልደታ ሜዳ ነበር፤ የቦሌ ጣቢያ ሥራ የጀመረው ከዚያ በኋላ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። በ1995 ዓ.ም. አዲሱ የመንገደኞች ሕንፃ ተከፈተ፤ እርሱም በ2011 ዓ.ም. ተስፋፍቶ ተመረቀ። ዛሬ በዚያ ሕንፃ ውስጥ አየር መንገዱ ክላውድ ናይን ብሎ የሰየመው እልፍኝ ይገኛል፤ የውጭ አገር እንግዳ ስለዚህ ክፍል ሲያወራ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያነሣው ከወንበሩ ይልቅ በጀበና የሚቀዳውን ቡና ነው።

ወደ እልፍኝ መግቢያው በር ብዙ ሲሆን፥ ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ትኬቱ ነው፤ ቢዝነስ በሚባለው ወይም ከእርሱ በሚበልጠው ክፍል የሚሳፈር ሰው በትኬቱ ይገባል። ሁለተኛው የደንበኝነት ካርድ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባ ማይልስ ብሎ እንደ ሰየመው ባለ ማኅበር፥ ብዙ የሚበር ሰው የበረረው ርቀት እየተቈጠረለት ከሰማያዊ ወደ ብር፥ ከብር ወደ ወርቅ ከፍ ይላል። አየር መንገዱ በ2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ ከሚባለው የአየር መንገዶች ማኅበር ስለ ገባ፥ የወርቅ ካርዱ በማኅበሩ አባሎች እልፍኝ በሌላም አገር ይሠራል። ሦስተኛው ገንዘብ ነው፤ አንዳንድ እልፍኝ ለአንድ ቀን መግቢያ ይሸጣል፤ አንዳንድ ባንክም ለደንበኞቹ በሚሰጠው ካርድ ያስገባል። የመንግሥት እንግዶች የሚሸኙበትና የሚቀበሉበት ክፍል ግን ከነዚህ ሁሉ የተለየ፥ በራሱ ሥርዓት የሚመራ ስለ ሆነ፥ አንዱን ከሌላው ጋር ማደባለቅ አይገባም።

ወደ ውስጥ የገባ ሰው ምን ያገኛል ቢባል፥ ለስላሳ ወንበር፥ ራሱ ተነሥቶ የሚያነሣው ምግብና መጠጥ፥ የስልኩን ኃይል የሚሞላበት መሰኪያ፥ የኢንተርኔት አገልግሎት፥ የበረራውን ሰዓት የሚያሳይ ሰሌዳ፥ ንጹሕ መታጠቢያ ያገኛል፤ በአንዳንዱም ገላ የሚታጠብበትና ጋደም የሚልበት ሥፍራ አለ። የሚጾም ሰው፥ ወይም ሃይማኖቱ የሚከለክለው ሥጋ ያለ ሰው፥ በምግቡ ፊት የሚቆመውን ጽሑፍ ያንብብ፤ ጽሑፍ ከሌለም ሠራተኛውን መጠየቅ ነውር አይደለም። ዳሩ ግን ግብር ይጠብቀኛል ብሎ ተርቦ የሚሔድ ሰው ያዝናል። በብዙ ሥፍራ ምግቡ ቀላል ነው፤ ወንበሩም ሁልጊዜ ባዶ አይደለም። ለዚህም ምክንያት አለው። እንደ ቦሌ ያለ መገናኛ ጣቢያ የሚሠራው አይሮፕላኖቹ ከብዙ አገር በአንድ ሰዓት ገደማ ደርሰው፥ መንገደኞቻቸውን ከተለዋወጡ በኋላ ደግሞ በአንድ ሰዓት ገደማ እንዲነሡ በማድረግ ነው። ስለዚህ እልፍኙም እንደ ገበያ ቀን በአንድ ጊዜ ይሞላል፤ ማዕበሉ ካለፈ በኋላም ጭር ይላል። ጸጥታን የሚፈልግ ሰው ይህን ዐውቆ ከማዕዘን ያለውን ወንበር አስቀድሞ ይያዝ።

ስለ ጤና ደግሞ ጥቂት ነገር እንናገራለን። የቦሌ ጣቢያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በሚበር አይሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ደግሞ በ2,400 ሜትር ተራራ ላይ ካለው እንዳያንስ ተደርጎ ይጠበቃል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ኩባንያዎች አስቀድሞ በተረከበው ቦይንግ 787 ውስጥ ግን ግፊቱ በ1,800 ሜትር ከፍታ እንዳለው ያህል ነው። እንግዲህ የአዲስ አበባ ሰው በዚህ አይሮፕላን ሲሳፈር፥ በአየሩ ግፊት በኩል ከቤቱ ወደ ቈላ እንደ ወረደ ይቈጠራል። ከቈላ አገር ወይም ከባሕር ዳርቻ ጣቢያ የሚነሣው መንገደኛ ግን ወደ ደጋ እንደሚወጣ ሰው ስለ ሆነ፥ በሆዱ ውስጥ ያለው አየር ይነፋል፤ ስለዚህ በእልፍኙ የሚቀርበውን ጋዝ ያለበት መጠጥና ባቄላ የመሰለውን ምግብ ቢቀንስ ይበጀዋል።

ከግፊቱ ይልቅ ሰውን የሚያደክመው ድርቀቱ ነው። በረጅም በረራ በአይሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር እርጥበት ብዙ ጊዜ ከመቶ 20 እጅ በታች ነው፤ ዓይንና ከንፈር፥ ጕሮሮም ይደርቃል። ስለዚህ በእልፍኙ ውስጥ ከሚቀርበው ሁሉ የሚበልጠው ውሃ ነው። የሚያሰክረው መጠጥ ዋጋ ስለማይጠየቅበት ብቻ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ግን ድርቀቱን ያብሳል፤ ሰክሮ በአይሮፕላኑ ደጅ የታየ መንገደኛም ሳይሳፈር ሊቀር እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህም በቀር የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፥ ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ በእግር ሥር ደም የመርጋትን አደጋ እጥፍ ያህል እንደሚያደርገው ተገልጧል። አደጋው ከ6,000 መንገደኛ አንዱን ያህል የሚያገኝ ትንሽ ነገር ቢሆንም፥ ለሽማግሌና ለታማሚ ትንሽ አይደለም። እንግዲህ ከበረራው በፊት ያለውን ሰዓት በሙሉ በለስላሳው ወንበር ሰጥሞ ማሳለፍ ጥቅም የለውም፤ እግርን መዘርጋትና አልፎ አልፎ ተነሥቶ መመላለስ ይገባል።

ደግሞም ሰዓትን መጠበቅ አለ። እልፍኙ ከአዳራሹ የሚለይበት ጸጥታ አንዳንድ ጊዜ ወጥመድ ይሆናል፤ በብዙ እልፍኝ ውስጥ የበረራ ጥሪ በድምፅ አይነገርምና። የመሳፈሪያው በር ደግሞ በብዙ አየር መንገድ አይሮፕላኑ ከመነሣቱ 15 ወይም 20 ደቂቃ አስቀድሞ ይዘጋል። በትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰዓትና ቀን በአውሮጳ አቈጣጠር መሆኑንም የዘነጋ ብዙ ነው። ትኬቱ ማክሰኞ 00፡30 ቢል፥ በእኛ አነጋገር ሰኞ ማታ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው፤ ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን ይዞ የመጣ ሰው አይሮፕላኑ ከሔደ አንድ ቀን ሊሞላው እንደ ደረሰ ይነገረዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ ይህ ሁሉ በቤት ሳሉ ተጽፎ በኪስ መያዝ ያለበት ነገር ነው።

እስካሁን የተናገርነው ለብቻው የሚሔደውን ሰው የሚመለከት ነው። ለቤተ ሰብ ግን ከወንበሩና ከምግቡ የሚበልጥ ጥያቄ በእልፍኙ ደጅ ላይ ይጠብቀዋል። በስታር አሊያንስ ደንብ የቢዝነስ ትኬት የያዘ ሰው ራሱ ብቻ ይገባል፤ የወርቅ ካርድ ያለው ደግሞ አንድ እንግዳ፥ ያውም በዚያው ቀን ከዚያው ጣቢያ በማኅበሩ አይሮፕላን የሚሔድ እንግዳ፥ ይዞ ሊገባ ይችላል። እያንዳንዱ አየር መንገድ ለራሱ ደንበኞች ከዚህ ሊጨምር ቢችልም፥ መሠረቱ ይህ ነው። በብዙ ሥፍራም ልጅ እንደ ሰው ይቈጠራል። እንግዲህ አባት፥ እናት፥ አያትና ልጅ በአንድ ካርድ ፊት ሲቆሙ፥ ሒሳቡ ለሁለት እንጂ ለአራት አይደርስም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ነገር በእኛ ላይ ደረሰ። ታናሽ እኅታችን በአሜሪካ አገር የመውለጃዋ ቀን ስለ ቀረበ፥ እናታችን አራሷን ሊንከባከቡ ተነሡ፤ እኛም ባለቤታችንንና የአራት ዓመት ልጃችንን ይዘን አብረናቸው ሔድን። እናታችን ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፥ ጕልበታቸውን የሚያማቸው ናቸው፤ ከአገር ሲወጡም ያ የመጀመሪያቸው ነበር። በአንዲት የአውሮጳ ከተማ ወርደን ሌላ አይሮፕላን አምስት ሰዓት መጠበቅ ነበረብን። እኛ በሥራ ምክንያት ስለምንመላለስ የወርቅ ካርድ በእጃችን ነበርና፥ አራታችንም ወደ እልፍኙ ደጅ ቀረብን። ሠራተኛይቱ ካርዱን አንብባ በትሕትና «እርስዎና አንድ እንግዳ» አለች። ለሁለቱ ገንዘብ እንድንከፍል ብንጠይቃትም፥ ክፍሉ ስለ ሞላ በዚያ ሰዓት በገንዘብ የሚገባ እንደሌለ ነገረችን። እርሷ ደንቧን ፈጸመች እንጂ አልበደለችንም።

በዚያን ጊዜ አራታችንም ዝም አልን። የተጠየቅነው ስለ መቀመጫ ብቻ አልነበረምና፤ ከቤታችሁ ሰው ማን ይቀድማል መባላችን ነበር። ልጁ በመስተዋቱ ውስጥ ፍራፍሬውንና ጣፋጩን አይቶ «እኔስ?» አለ። ባለቤታችን «እማማ ይግቡ፤ እኔና ልጁ እዚህ እንቀመጣለን» አለች። እናታችንም «እኔ አሮጊቷ ምን ይቀርብኛል፤ አንቺ ልጅሽን ይዘሽ ግቢ» አሉ። እንደ አገራችን ልማድ አንዱ ለሌላው እየለቀቀ ጥቂት ደቂቃ አለፈ፤ ከኋላችንም ሌሎች መንገደኞች ቆመው ይጠብቁ ነበር። ነገሩን የፈታችው ባለቤታችን ናት። ወደ እናታችን ጠጋ ብላ «እማማ፥ ጕልበትዎ አብጧል፤ ውስጥ እግርዎን የሚዘረጉበት ወንበር አለ። ይህ የክብር ነገር አይደለም፤ የእግር ነገር ነው» አለቻቸው። እናታችንም ይህን ሲሰሙ የሚመልሱት አጥተው ገቡ።

በውስጥ እግራቸውን በትራስ ላይ አሳርፈው፥ ውሃ ጠጥተው፥ ግማሽ ሰዓት ያህል አንቀላፉ። ሲነቁም ሾርባና ዳቦ ብናቀርብላቸው እጃቸውን አልዘረጉም። «የእናንተ አገር ወንበር መልካም ነው፤ እህሉ ግን ልጁ ሳይቀምስ አይወርድልኝም» አሉ። ከዚያ ክፍል ምግብ ይዞ መውጣት ስለማይፈቀድ የምናደርገው ነገር አልነበረም። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ከተቀመጡ በኋላ ራሳቸው «እንነሣ» አሉና ወደ አዳራሹ ተመለስን። ባለቤታችን በመሳፈሪያው በር አጠገብ አራት ወንበር ይዛ፥ ልጁን በእቅፏ አስተኝታ አገኘናት። እናታችን ከእጅ ሻንጣቸው በነጠላ የተቋጠረ ዳቦ ቈሎ አውጥተው ፈቱት፤ ልጁም ነቅቶ አራታችንም በላን። በአጠገባችን የነበረች አንዲት የውጭ አገር ሴት አተኵራ ብታይ፥ እናታችን ቋንቋዋን ሳያውቁ እፍኝ ሙሉ ሰጧት፤ እርሷም ተቀብላ በላች።

ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን ሁለት ወግ አቁመናል። አንደኛው፥ እልፍኙ የሚሰጠው በማዕርግ ወይም በካርድ ባለቤትነት ሳይሆን በአካል ችግር መጠን ነው። የካርዱ ባለቤት ሳይገባ እንግዳው ብቻውን ስለማይገባ፥ ባለ ካርዱ የሚገባው እንደ አጃቢ ነው፤ የሚያርፈው ግን እግሩ ያበጠ ሽማግሌ፥ ነፍሰ ጡር፥ የምታጠባ እናት፥ ወይም ከሕመም የተነሣ ሰው ነው። ሁለተኛው፥ ማዕዱ አይለያይም። ሁሉ በማይገባበት ጊዜ ወደ ውስጥ የገባው ዕረፍቱን ጨርሶ ይወጣል፤ ምግቡም ሁሉ በሚቀመጡበት ሥፍራ በአንድነት ይሆናል። ሁሉም ጤነኞች ሲሆኑና ሁሉም መግባት ሳይችሉ ሲቀሩ፥ ካርዱን በኪስ አድርገን በአዳራሹ አብረን እንቀመጣለን። የአዳራሹ ወንበር ጠንካራ ቢሆንም፥ ሰው ከልጆቹ ጋር የሚነጋገርበት ጊዜ በዘመናችን እጅግ ጥቂት ሆኗልና፥ ያ ሰዓት እንደ ጠፋ አይቈጠርም።

ይህን ወግ ማቆም ያስፈለገበት ምክንያት ቀላል ነው። በአዳራሽ ሚስቱን ከሁለት ሕፃናትና ከአራት ሻንጣ ጋር ትቶ፥ እርሱ በእልፍኝ ጋዜጣ ሲያነብ የሚቆይ አባወራ በዓይናችን አይተናል። ሰውየው ክፉ ነው ለማለት አይደለም፤ ካርዱን ያገኘው በድካሙ ስለ ሆነ የእርሱ ድርሻ መስሎት ይሆናል። ነገር ግን በየወሩ ሲመላለስ ያ ርቀት ሲቈጠርለት፥ በቤት የቀረችውና ልጆቹን ያሳደገችው እርሷ መሆኗን ካርዱ አይጽፍም። ልጆችም የሚያዩትን ይማራሉ፤ አባታቸው በአንድ ደጅ ላይ ያደረገውን ነገር፥ በቃል ከመከራቸው ነገር ይልቅ ረጅም ጊዜ ያስታውሱታል።

ለመንግሥት ሥራ የሚሔዱትም ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። አለቃና ጸሓፊ በአንድ መልእክት ሲላኩ፥ አለቃው በቢዝነስ ጸሓፊው በተራው ክፍል መሔዳቸው የተለመደ ነው። አለቃው የወርቅ ካርድ ያለው ሲሆን ግን አንድ የእንግዳ ሥፍራ በእጁ አለ። ያን ሥፍራ ባዶውን ከመተው፥ ሌሊቱን ሙሉ ወረቀት ሲያዘጋጅ ላደረው ወጣት ቢሰጠው ምንም አይጐድልበትም፤ በማግሥቱ በስብሰባው ላይ የሚገኘውም ያረፈ ረዳት ነው።

እንግዲህ ቤተ ሰብ ይዞ የሚሔድ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የሚከተለውን ይፈጽም። አስቀድሞ በሚያልፍባቸው ጣቢያዎች ሁሉ ካርዱ ወይም ትኬቱ ስንት ሰው እንደሚያስገባ፥ ልጅ ይቈጠር እንደ ሆነ፥ ለተጨማሪ ሰውም ስንት እንደሚከፈል ከአየር መንገዱ ይጠይቅ፤ በሚበዛበት ሰዓት በገንዘብ መግባት ሊከለከል እንደሚችልም ይወቅ። ቀጥሎ የሚከፋፈሉ ከሆነ ማን እንደሚገባ በቤት ተመካክረው ይጨርሱ፤ እንደዚህ ያለ ነገር በእንግዳ ሰው ፊት ሲነገር ያሳፍራል፤ በቤት ሲነገር ግን ምክር ነው። ከዚያም በየትኛው በር፥ በስንት ሰዓት እንደሚገናኙ ይወስኑ፤ የእያንዳንዱንም የመሳፈሪያ ወረቀት ለየባለቤቱ ይስጡ። የሚቈረጠም ስንቅም ከእጅ ሻንጣ አይጥፋ። ፈሳሽ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በብዙ ጣቢያ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በሆነ ዕቃ ወደ ውስጥ ስለማይገባ፥ ባዶ ጠርሙስ ይዞ ከፍተሻው በኋላ ውሃ መሙላት ይሻላል፤ የሕፃን ወተትና መድኃኒት ለፈታሹ ሲነገር ይፈቀዳል።

ከእልፍኙ የገቡትም ቢሆኑ ሥርዓት አላቸው። የስልክ ድምፅን ዝቅ ማድረግ፥ ሰው በሌለበት ወንበር ላይ ሻንጣ አለመዘርጋት፥ በሰሐን የሚበሉትን ያህል ብቻ ማንሣት፥ ሕፃናትን መያዝ፥ ሠራተኛውንም ማመስገን ነው። ልጅ በአገሩ ልማድ ለታላቅ ከወንበሩ እንደሚነሣ ሁሉ፥ በዚያም ቆሞ የሚፈልግ ሽማግሌ ሲያይ ይነሣ። ይህን የሚያደርግ ልጅ የየት አገር ልጅ ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ ስሙን ለማያውቁት ሰዎችም አገሩን ያስመሰግናል።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምራለን። ሸኚ ብዙ ጊዜ ከውጭ ይቀራል፤ መንገደኛውም በሰልፍና በፍተሻ ሲዋከብ የተሰናበታቸውን ይረሳል። በእልፍኝ ቢሆን በአዳራሽ፥ ጸጥ ያለው ሰዓት ሲገኝ አስቀድሞ ወደ ቤት መደወል ይገባል፤ በቤት የቀረው ሰው አይሮፕላኑ እስኪነሣ ድረስ አይተኛምና። እናታችን በዚያ ቀን በአዳራሹ ሳሉ ስልኩን ተቀብለው ለጎረቤታቸው የነገሯት ስለ ለስላሳው ወንበር አልነበረም፤ «ሁላችንም አብረን ነን፤ አሁን ልንገባ ነው» አሏት። መንገደኛ ሁሉ ይህን ቃል በእውነት ሊናገር እስከ ቻለ ድረስ፥ የተቀመጠበት ክፍል ስም ምንም ቢሆን መጠበቂያው መልካም ነበር ማለት ነው።